የሱሺላ ወንድም

«የእናቴ ወንድም አንተ ነህ?»

ስልኩን ሳነሳ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ እንግሊዝኛዋ እዚሁ አገር ያደገ ሰው እንግሊዝኛ ነው። ተሳስተሻል ልላት አፌን ከፈትኩ። ያለችኝ እህት አንድ ብቻ ናት፤ እሷም ገና ልጅ አልወለደችም። ልጅቷ ግን ቀጠለች።

«ሚና እባላለሁ፤ የሱሺላ ልጅ ነኝ። የእማ የስልክ ደብተር ላይ ስምህ የለም። 'ወንድሜ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ' ነው የሚለው።»

እናቷ ማክሰኞ ዕለት መሞቷን፣ እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት አስከሬኗ መቃጠሉን፣ ቅዳሜ ደግሞ እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤታቸው ጸሎት እንዳለ ነገረችኝ። ከዚያ መልሳ ጠየቀችኝ። «አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ስልኩን ዘጋሁ። አራት ዓመት ሙሉ ይህች ሴት ስትከተለኝ ነው የኖርኩት። ግሮሰሪ ውስጥ ሳሪ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቲማቲም ስትመርጥ ካየሁ፣ ጋሪዬን አዙሬ በሌላ መደዳ እወጣለሁ። ሜትሮ ውስጥ ከኋላዬ የሚያንጎራጉር ሰው ካለ ዞር ብዬ አላይም፤ ሱሺላ እየሠራች ማንጎራጎር ልማዷ ነበር። በሕይወት እያለች እንዲህ የተከተለችኝ፣ ስትሞት ትተወኝ ይሆናል ብዬ ማሰቤን አልደብቅም። አልተወችኝም።

የተዋወቅነው አሌክሳንድሪያ፣ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ የሚያሰናዳ አንድ ትልቅ ኪችን ውስጥ ነው። እኔ አገር ቤት በሒሳብ ዲግሪ የያዝኩ ሰው ነኝ። እዚያ ሒሳቤ የጠቀመኝ እያንዳንዷ ሰላጣ ላይ ሦስት የወይራ ፍሬና ግማሽ ቲማቲም ለማስቀመጥ ነበር። አራት ካደረግኸው ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል፤ ሁለት ካደረግኸውም ይመጣል።

በኔ ዘመን የተማረ ሰው ህንድ አስተማሪ ያላስተማረው ጥቂት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከጎኔ የቆመች አጭር፣ ሞላ ያለች ሴት ራሷን ወዲህና ወዲያ እያወዛወዘች «የፀጉር መረብህ ጆሮህን አልሸፈነም» ስትለኝ፣ ሳላስበው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «የስ፣ ማዳም» አልኳት። እሷ ሳቋ አልቆም አላት። አልጄብራ ያስተማሩኝ ህንዳዊ መምህር በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ስቀው አላየሁም፤ ህንድ እንዲህ አድርጎ እንደሚስቅ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከኔ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ትበልጣለች። ባለቤቷ ሐሪሽ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሁለት ልጆች አሏት። ኪችኑ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ በኛ መስመር ከሷ በቀር ህንድ የለም። ትሪው ተሸፍኖ ከመሄዱ በፊት በጓንቷ ክዳኑን መታ ታደርገዋለች። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «የሚበላው ሰው ወዴት እንደሚሄድ አናውቅም» አለችኝ። «ወደ ሠርግ ይሁን ወደ ለቅሶ። ይቺን ትሪ አየሃት? ይህን የሚበላው ሰው ከወንድሙ ጋር ሊታረቅ ነው የሚሄደው።» በየትኛው ትሪ ማን እንደሚበላ ስትፈጥር የስምንት ሰዓት ሥራ ያልቃል። አንዳንዱን ሰው እኔም ወደድኩት።

ትልቅ እህት በናንተ ምን ይባላል አለችኝ አንድ ቀን። «እትዬ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሱሺላ ብዬ ብጠራት አትሰማም። እሷ ደግሞ በቋንቋዋ ወንድም ማለት በሆነው ቃል «ባይያ» ትለኝ ጀመር። ስለ ታናሽ እህቴ ስለ ትዕግሥት የነገርኳትም ያኔ ነው። ትዕግሥት ናይሮቢ ስደተኛ ሆና እኔን ትጠብቅ ነበር። ላመጣት ስፖንሰር ሆኜ ፎርሙን አስገብቻለሁ፤ ከፎርሙ ጋር ቋሚ ሥራ እንዳለኝ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቴ ተያይዟል። ከዚያ ሥራ ከተባረርኩ ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሱሺላ ይህን ከሰማች በኋላ ጠዋት ጠዋት ከሰላምታዋ በፊት የምትጠይቀኝ «ትዕግሥት ደወለች?» ብላ ነበር። አይታት የማታውቃትን ልጅ ራት በልታ ይሆን እያለች ትጨነቅላታለች።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ፍልሰታ በተፈታበት ዕለት፣ ሥራ ከመግባታችን በፊት ከሎከሯ የወረቀት ጥቅልል አወጣች። ውስጡ ወርቃማ ዶቃ ያለበት ቀይ ክር ነበር።

«ዛሬ የእህትና የወንድም በዓል ነው» አለችኝ። «እህት ለወንድሟ ይህን ቀኝ እጁ ላይ ታስርለታለች። ራኪ ነው የምንለው። ዕድሜ እንዲሰጠው ትጸልያለች፤ ጣፋጭ ታጎርሰዋለች። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ይሰጣታል።»

«ምን?»

«ያለውን። ከዚያ ክፉ ቀን ሲመጣባት ከፊቷ ሊቆም ቃል ይገባል።»

ሞሃን የሚባል አንድ ወንድም ነበራት፤ አገሯ ሳለች በአውቶቡስ አደጋ ሞቶባታል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዓሉ ሲመጣ ክሩን የምታስረው ከበረንዳዋ ፊት ያለ ዛፍ ላይ እንደሆነ ነገረችኝ። ወንድም የሌላት ሴት እንዲያ ማድረግ ትችላለች አለች። «ዛፍ ጥሩ ነው። አይጣላህም። ግን ቃል አይገባም» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አብሮ አልሳቀም።

እጄን ዘረጋሁላት። ክሩን ሦስት ጊዜ ቋጠረችው። በወተት የተሠራ ጣፋጭ አጎረሰችኝ፤ ጾሙ ያለቀበት ቀን በመሆኑ ሳልሳቀቅ ዋጥኩ። የምሰጣት ነገር ፍለጋ ኪሴን ብፈትሽ የተገኘው በወረቀት የጠቀለልኩት የሽምብራ ቆሎ ነው። አፍሬ ዘረጋሁላት። አንድ ፍሬ አፏ ውስጥ አድርጋ ስትቆረጥም ፊቷ ተለወጠ። «ይሄማ የኛ ነው» አለች። እንዳንጨርስባት ይመስል ጥቅሉን ሎከሯ ውስጥ ቆለፈችበት። እኔም ቃል ገባሁ። እንዲያው ለጨዋታ ብዬ እንዳልገባሁ ነው የማስታውሰው፤ ምናልባት አሁን እንዲያ እንዲሆን ፈልጌ ይሆናል።

ኪችኑ ውስጥ ትሪ የሚያጥቡ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ የኛ አገር ሰው ነበሩ። ማታ ማታ እስከ ሜትሮው ድረስ በአንድ አውቶቡስ ነው የምንሄደው። የዚያን ዕለት እጄን አዩት።

«አንገትህ ላይ ማተብ አለ አይደል፣ ልጄ?»

«አለ፣ እማማ።»

«ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

ነገርኳቸው። ሱሺላን አይጠሏትም፤ እንዲያውም የጉልበት ቅባት ሰጥታቸው ታውቃለች። ነገር ግን «የፍቅር ይሁን የጣዖት በምን አወቅህ? ፍታው» አሉኝ። «ደግሞ ኪችን ውስጥ ክር ክልክል ነው። በዚህ ነገር ሥራህን ልታጣ ነው?» ሁለተኛው ምክንያት እውነት ነበር። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር፣ ክር ይዞ መስመር ላይ መቆም አይቻልም፤ በየቀኑ በሩ ላይ እጃችን ይታያል፤ ያን ጠዋት ያለፍኩት እጅጌዬን እስከ መዳፌ ስቤ ነው። ዋናውን የሥራ ደንብ ሱሺላም ታውቀዋለች፤ ጠዋት ግን ከመግባቴ በፊት የማወልቀው መስሏት ይሆናል፣ ወይም በዓሉ አስረስቷት ይሆናል። እኔ ቋጠሮው እምቢ ሲለኝ በጥርሴ በጥሼ ጣቢያው በር ላይ ያለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት።

በማግስቱ ወደ እጄ አየች። «በራሱ ወደቀ» አልኳት።

«ሦስት ጊዜ ነበር የቋጠርኩት» አለች። እስከ ምሳ ድረስ ትሪዎቹ ማን ዘንድ እንደሚሄዱ አልነገረችኝም። ውሸቴን የማውቀው እኔ ብቻ አለመሆኔን ያኔ አወቅሁ፤ ዓመቱን ሙሉም ቆጨኝ።

ለዚህ ነው በሁለተኛው ዓመት ጥፋቴን ልክሳት የፈለግኩት። የነሱ በዓል በጨረቃ የሚቆጠር ስለሆነ ያን ዓመት ወደ ኋላ ሸሽቶ ጾሙ መሐል ገባ። ሱሺላ ጣፋጩን ይዛ መጣች። «ኮኮናት ነው። ወተት የለውም፣ ቅቤ የለውም፤ ለጾምህ ብዬ በውሃ ነው የሠራሁት» አለችኝ። ስለ ፍልሰታ የነገርኳት አንድ ቀን፣ እግረ መንገዴን ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም እንደማልቀምስ ግን አላወቀችም። ጎረስኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እኔም ያን ዓመት ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ፎልስ ቸርች ከሚባለው ሰፈር የገዛሁትን የአንገት ልብስ ሰጠኋት።

ክሩን ስታወጣ «ከክርኔ በላይ እሰሪልኝ» አልኳት። «እጅጌዬ ይሸፍነዋል። ሲፈትሹ አያዩትም፤ እስኪወድቅ ድረስም አላወልቀውም።»

አመነታች። «እጅ ላይ ነው የሚታሰረው። ለክንድ አይበቃም።»

«ይበቃል።»

ለመነኳት ማለት ይቻላል። ጎትታ ጎትታ ጫፎቹን አገናኘቻቸው፤ የተረፈው ክር ግን ለአንድ ቋጠሮ ብቻ ነው የሆነው። አንድ ቋጠሮ አስራ በጣቷ ያዝ አድርጋ ቆየች። «ጠንቀቅ በል እንግዲህ» አለችኝ። ደስታዋ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ያን ቀን ስታንጎራጉር ዋለች።

በአራተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሱፐርቫይዘራችን ሚስተር ግሬግ መስመሩን አስቆመ። ሠላሳ ያህል ሰው ሰበሰበን። በእጁ ትንሽ ላስቲክ ይዟል፤ ላስቲኩ ውስጥ ቀይ ክር ከነዶቃው አለ።

«ይህን አንዲት መንገደኛ ሰላጣዋ ውስጥ አገኘችው» አለ። «አየር መንገዱ ኮምፕሌይን አድርጎብናል። የማን ነው?»

እጄን ወደ ክንዴ ላክሁ። ምንም የለም። መቼ እንደወደቀ አላወቅሁም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም።

«የማን ነው?» አለ ሁለተኛ። «ባለቤቱን ካላወቅሁ መላው መስመር ነው የሚጠየቀው።»

አፌን ከፍቼ ነበር። ለማን ብነግር እንደሚያምነኝ አላውቅም፤ ግን ከፍቼ ነበር። ከኋላዬ ወይዘሮ አስካለ በአማርኛ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ዝም በል። ልጅቷን አስብ» አሉኝ። ትዕግሥትን ማለታቸው ነው። ትዕግሥትን አሰብኩ። ሱሺላ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማለች፤ የምታየው ፊቴን ሳይሆን ክንዴን ነው።

«የኔ ነው» አለች።

ሁሉም ዞረ። እሷ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አንሥታ የእጇን አንጓ አሳየችው። «የሃይማኖቴ በዓል ነበር። አስሬው ገብቼ ረሳሁት። አጥፍቻለሁ።»

እዚያ አንድ ህንድ፣ ሕፃን እንኳን ቢሆን፣ ቢኖር ኖሮ ይህች ሴት ትዋሻለች ባለ ነበር። ራኪን እህት ታስራለች እንጂ አታጠልቅም። የወንድም ነው። ሚስተር ግሬግ ይህን አያውቅም፤ ከኤል ሳልቫዶርና ከቬትናም የመጡት ባልደረቦቻችን አያውቁም። ሱሺላ መዋሸቷን ከወይዘሮ አስካለ ሌላ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ወለሉን ያያል።

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት ሚስተር ግሬግ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ሌላ ሰው እንዲናገር እየጠበቀ ወደ ሁላችንም አየ። ከዚያ «ቢሮ እንነጋገር» ብሏት ሄዱ።

ያገኘኋት ሎከሯ ጋ ነው፤ ዕቃዋን በፌስታል ስትከት። ስምንት ዓመት የተሠራበት ሎከር ባዶ ለመሆን ብዙም አይፈጅበትም። ቁጭ ብላ የሥራ ጫማዋን አወለቀች።

«እትዬ፣ ሄጄ ልነግረው ነው» አልኳት።

«ማንን?»

«ሚስተር ግሬግን። የኔ ነው ልለው ነው።»

ተው ትለኛለች ብዬ ነበር። ይህን ዛሬ በግልጽ መናገር አለብኝ፤ የተናገርኩት ተው እንድትለኝ ነው። ስለ ትዕግሥት አንሥታ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ልጆቼ ደርሰዋል፣ አንተ ዝም በል ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ሂድ እንግዲህ» አለችኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የመንገድ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ግራውን ቀስ ብላ አሰረች። ቀኙን ቀስ ብላ አሰረች። በሩ ከኔ አምስት እርምጃ ይርቃል። አልተንቀሳቀስኩም። ሁለቱንም ጫማ አስራ ስትጨርስ እንደገና ቀና አለች፤ እኔ እዚያው ነኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ባይ ኖሮ እስከ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

«ትዕግሥት ስትመጣ ደውልልኝ» ብላ ፌስታሏን አንሥታ ወጣች።

በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ፖስታ ደረሰኝ። ራኪ ሩቅ ላለ ወንድም በፖስታ ይላካል። ቀይ ክርና በወረቀት የተጠቀለሉ ጥቂት የሩዝ ፍሬዎች ነበሩበት፤ ደብዳቤ አልነበረውም። ከታክስ ወረቀቶቼ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በተከታዩ ዓመት የመጣውን አልከፈትኩትም፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ፖስታው ሲመጣ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ አይወርድልኝም። ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ በላይ፣ የሆነ ነገር ታስሮ ቀስ እያለ የሚላላ ይመስለኛል፤ እዳስሰዋለሁ፤ ምንም የለም። ሐኪም ምንም የለህም ብሎኛል።

በዚህ መሐል ትዕግሥት መጣች። አየር ማረፊያው በር ላይ አቅፌያት ሳለቅስ ሰው ሁሉ በደስታ ነው ብሎ አሰበ፤ ግማሹ በደስታ ነበር። ስትመጣ ደውልልኝ ብላኝ ነበር። ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አንድ ቁጥር ድረስ እደውልና እዘጋለሁ። ትዕግሥት ዛሬ ስፕሪንግፊልድ ትኖራለች፤ ሳቂታ ልጅ ናት። ሳሎኗ ቁጭ ብዬ ስትስቅ ስሰማ፣ ይህች ልጅ እዚህ እንድትደርስ ሌላ ሴት ምን እንደከፈለች ልነግራት እልና የሻይ ብርጭቆዬን አነሳለሁ።

ዘንድሮ ፖስታው ቀረ። አልዋሽም፣ እፎይ ብዬ ነበር። ሚና የደወለችልኝ በሳምንቱ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ልቅር፣ ልሂድ ስል ረፍዶብኝ ሄድኩ። በሩ ላይ ብዙ ጫማ አለ፤ የኔንም አወለቅሁ። ሃያ ያህል ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ፎቶግራፏ አበባ ተደርጎበት ግድግዳው ሥር ቆሟል። እየሳቀች ነው የተነሣችው። ከኋላ ልቀመጥ ስል ሚና አየችኝ። የሱሺላ ዓይን ነው ያላት።

«የእማ ወንድም ነው» አለቻቸው።

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ። አንዲት አሮጊት ጭንቅላቴን ዳሰሱኝ። የሚና ታናሽ ወንድም፣ የሃያ ዓመቱ አኒል፣ ተነሥቶ ሁለት እጄን ያዘና ወስዶ ከፎቶግራፉ አጠገብ፣ ከዘመድ ሁሉ ፊት አስቀመጠኝ። ምን እንደተደረገልኝ አልገባኝም። እንግዳ አክባሪ ሕዝብ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጸሎቱ ሲያልቅ ባለቤቷን ሐሪሽን ኩሽና ውስጥ ለብቻው አገኘሁት። ነጭ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ጭምት ሰው ነው። ምን ሆና እንደሞተች ጠየቅሁት።

«ልብ ነው። ደረቷን ካመማት ቆይቷል፤ ሐኪም ጋ የሄድነው ግን ዘግይተን ነው» አለኝ። ለምን እንደዘገዩ አልጠየቅሁትም። የሕክምና ኢንሹራንሳቸው በሷ ሥራ በኩል እንደነበር አውቃለሁ። ከተባረረች ወዲህ በክፍያ የጎረቤት ልጆችን ቤቷ ውስጥ ትጠብቅ እንደነበር የሰማሁትም ከሚና ነው።

«አቶ ሐሪሽ፣ ያን ቀን ኪችን ውስጥ፣ ያ ክር...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ለኔ የዚያኑ ዕለት ነግራኛለች። ለልጆቹ ግን የነገረቻቸው ሌላ ነው።»

«ምን ብላ?»

«አንተ ከሠላሳ ሰው ፊት ተነሥተህ የኔ ነው አልክ። እሷ ደግሞ ያሰርኩለት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። አለቃችሁ እሷን አባረረ።» የታጠበ ብርጭቆ አንሥቶ በፎጣ ያደርቅ ጀመር። «በየዓመቱ ሚና ለአኒል ራኪ ስታስርለት ይህንኑ ትነግራቸዋለች። ወንድም ማለት እንዲህ ነው፣ እያለች።»

«ለምን እንዲህ አደረገች?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር። አልመለሰችልኝም።»

«ልንገራቸው» አልኩት። «አሁኑኑ እውነቱን ልንገራቸው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ይቅርም አላለኝም። «ልጆቹ እናታቸውን ያጡት በዚህ ሳምንት ነው» አለኝ። «ዛሬ ሌላ ነገር አትቀንስባቸው።»

ወደ ሳሎን ተመለስን። ሰው ተቀንሷል። ልጆቹ ጠጋ ብለውኝ ተቀመጡ፤ አሮጊቷም አሉ።

«አንክል» አለኝ አኒል፣ «ያን ቀን የሆነውን ካንተ አፍ ሰምተነው አናውቅም። እስኪ አንተ ንገረን።»

ሐሪሽን አየሁት። ምንጣፉን ያያል። ሚና አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

ሠላሳ ሰው ነበርን አልኳቸው፤ እውነት ነው። አለቃችን ክሩን በላስቲክ ይዞ የማን ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ አልኳቸው፤ እውነት ነው። እናታችሁ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ታየኝ ነበር አልኳቸው። እዚህ ላይ ስደርስ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። እነሱ ለእናታቸው የማለቅስ መስሏቸው ጠበቁኝ።

«ከዚያ የኔ ነው አልኩ።»

አራት ዓመት ሙሉ አንቃ የያዘችኝ ነገር ያን ያህል አጭር ናት። በእንግሊዝኛ እስክትወጣ እስትንፋስ እንኳን አትፈጅም። አኒል ራሱን እንደ እናቱ ወዲህና ወዲያ አወዛወዘ። አሮጊቷ የተባለው ሲተረጎምላቸው እንደገና ጭንቅላቴን ዳሰሱ። ማንም ከሥራ አላባረረኝም። ሚና ተነሥታ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ስኳር ስንት እንደምፈልግም ጠየቀችኝ።